የሮማ ቄሣሮችና የመሐለቃቸው ቃል

ባለፈው የትምህርት ዓመት አንድ ቀን የታሪክ መምህራችን ወደ ክፍል ገብተው «እስቲ ኪሳችሁን ሳትነኩ፣ በአንድ ብር ሳንቲም ላይ ምን ምን ሥዕል እንዳለ ንገሩኝ» ብለው ጠየቁን። ከእኛ መካከል የአንበሳውን ራስ ያስታወሱ ብዙዎች ነበሩ፤ በሌላው ገጽ ሚዛን መኖሩን የተናገሩት ግን ሦስት ብቻ ሆኑ። በየቀኑ በእጃችን የምንይዘውን ነገር ሳናስተውለው መኖራችን አሳፈረን። መምህራችን ግን ሳይቈጡ «ገንዘብ ዝም ብሎ የሚዞር ብረት አይደለም፤ ላሠራው መንግሥት የሚናገር አፍ ነው። አነጋገሩን ማወቅ የፈለገ የሮማን ነገሥታት ይመልከት» አሉን። እኛም ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤተ መጻሕፍታችን ያገኘነውን እየተከፋፈልን አንብበን፣ የተረዳነውን ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት እነሆ አቅርበናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ የዚያን ዘመን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። የሮማ መንግሥት በሰፊነቱ ጊዜ ከብሪታንያ እስከ ግብፅና እስከ ሶርያ የተዘረጋ ነበር። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ የለም፤ ራዲዮ የለም፤ ፎቶግራፍም የለም፤ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ አይችልም ነበር። በሩቅ አውራጃ የሚኖር ገበሬ የንጉሠ ነገሥቱን ፊት በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ሊያይ አይችልም። ይሁን እንጂ ገበሬው ግብር ይከፍላል፤ ነጋዴው ይሸጣል ይገዛል፤ ወታደሩም ደመወዝ ይቀበላል። በአውግስጦስ ዘመን የአንድ እግረኛ የሌጌዎን ወታደር የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር ነበር። እንግዲህ ወታደሩ ደመወዙን በተቀበለ ቍጥር የጌታውን መልክና ስም ይቀበል ነበር ማለት ነው። መልእክተኛ በማይደርስበት መንደር ሁሉ መሐለቅ ይደርሳል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነበር። ሠራተኛው ሁለት የብረት ማኅተሞችን ያዘጋጃል፤ በአንደኛው ላይ የንጉሡ ራስ፣ በሁለተኛው ላይ ሌላ ሥዕል ተገልብጦ ይቀረጻል። የታችኛው ማኅተም በመስፍ ላይ ይተከላል፤ ክብ ሆኖ የተዘጋጀው ብር ወይም ወርቅ በላዩ ይቀመጣል፤ ከዚያም የላይኛውን ማኅተም አስቀምጦ በመዶሻ ይመታል። በአንድ ምት ሁለቱም ገጾች ይታተማሉ። የገንዘብ መምቻው ቤት በሮማ ከተማ በካፒቶል ኮረብታ በዩኖ ሞኔታ ቤተ ጣዖት አጠገብ ይገኝ ስለ ነበረ፣ ዛሬ እንግሊዞችና ሌሎች አውሮፓውያን ለገንዘብ የሚሰጡት ስም ከዚያች ከሞኔታ ስም የወጣ ነው።

የብሩ ዲናር መመታት የጀመረው በ211 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ነው። ሮማ በዚያን ጊዜ በንጉሥ የምትገዛ አልነበረችምና በገንዘቧ ላይ የሚታየው የጣዖቶቿና የሮማ እመቤት የተባለችው ምስል ነበር። ገንዘብ የማስመታት ሹመት ያገኙ ወጣት መኳንንትም የሞቱ አያቶቻቸውን ገድል ያስቀርጹ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው መልክ ግን በሮማ ከተማ ገንዘብ ላይ አይወጣም፤ እንዲህ ማድረግ የነገሥታት ሥራ ነው ተብሎ ይጠላ ነበርና። ይህን ልማድ ያፈረሰው ዩልዮስ ቄሣር ነው። በ44 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጀመሪያ ላይ የሮማ ሸንጎ ፈቀደለትና መልኩ በዲናር ላይ ታተመ፤ በአንዳንዶቹም ላይ የዘለዓለም አዛዥ የሚል ማዕርግ ተጻፈበት። ያን ቃል የሮማ መኳንንት በእጃቸው ይዘው አነበቡት። በዚያው ዓመት መጋቢት 15 ቀን በሸንጎው መካከል ወግተው ገደሉት።

እጅግ ያስገረመን ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩቱስ ለወታደሮቹ የሚከፍለው ዲናር አስመታ። በአንድ ገጽ ሁለት ጩቤዎች፣ በመካከላቸውም ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ ተቀርጿል፤ ከሥርም የግድያው ቀን ተጽፏል። ትርጓሜው «በእነዚህ ጩቤዎች ነፃነትን አመጣን» ማለት ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ገልብጠን ስናየው የብሩቱስ የራሱ ፊት ይታያል! ቄሣርን ስለ ንጉሥነት ምኞቱ የገደለው ሰው፣ ብዙ ሳይቈይ ቄሣር ያደረገውን አደረገ። በ42 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በፊልጵስዩስ ጦርነት ድል ሆኖ ራሱን ገደለ። ብሩቱስ ስለ ነፃነት የተናገረው ንግግር ቢጠፋ እንኳ ይህች ትንሽ ብር ሁለቱንም ገጹን ጠብቃ ቆይታለች።

ከዚያም የቄሣር የጉዲፈቻ ልጅ ኦክታቪያኖስና ማርቆስ አንቶንዮስ ስለ ሥልጣን ተዋጉ። ጦርነቱ በሰይፍ ብቻ ሳይሆን በመሐለቅም ነበር። አንቶንዮስ ለሠራዊቱ ባስመታው ዲናር ላይ በአንድ ወገን መርከብ፣ በሌላው ወገን የሌጌዎኖቹን ንስርና ቍጥራቸውን አስቀረጸ፤ እያንዳንዱ ወታደር የክፍሉን ስም በደመወዙ ላይ እንዲያይ አደረገ። በሌላ ዲናር ላይ ደግሞ ከግብፅ ንግሥት ከክሌዎፓትራ ጋር፣ እርሱ በአንድ ገጽ እርስዋ በሌላው ገጽ ታዩ። ኦክታቪያኖስ በበኩሉ «የአምላክ ልጅ» የሚል ቃል አጻፈ፤ ዩልዮስ ቄሣር ከሞተ በኋላ ከአማልክት ተቈጥሮ ነበርና። ኦክታቪያኖስ ድል ካደረገ በኋላ አንድ አዞ ብቻ የተቀረጸበት ገንዘብ ወጣ፤ በላዩም «ኤጊፕቶ ካፕታ» ማለት «ግብፅ ተማረከች» የሚል ተጽፎበታል። የብዙ ሺሕ ዘመን መንግሥት በአንዲት አዞና በሁለት ቃላት ተጠቅልሎ በየገበያው ዞረ። የወደቀው አንቶንዮስና ወገኖቹ ሮማውያን ስለ ነበሩ ግን ስማቸው አልተነሣም፤ የእርስ በርስ ጦርነት የነበረው ነገር የውጭ ጠላትን ድል መንሣት ሆኖ ተነገረ።

በ27 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ኦክታቪያኖስ አውግስጦስ ተብሎ ሲሰየም የመሐለቁ አነጋገር ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የበዛው የጦር ፉከራ ሳይሆን የሰላም ቃል ነው። የባሉጥ ቅጠል አክሊል ተቀርጾ «ዜጎችን ስላዳነ» የሚል ይጻፍበታል። ጳርቴያውያን ቀድሞ ማርከውት የነበረውን የሮማ ሠራዊት ዓርማ በ20 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በድርድር በመለሱ ጊዜም፣ የጳርቴ ሰው ተንበርክኮ ዓርማውን ሲያቀርብ የሚያሳይ ዲናር ወጣ። በውል የተገኘው ነገር በመሐለቁ ላይ የምርኮኛ ስግደት መሰለ።

ከአውግስጦስ በኋላ የነገሠው ጢባርዮስ ነው። ወንጌልን የሚያነቡ ሁሉ ፈሪሳውያን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ቄሣር ግብር ያቀረቡትን የተንኰል ጥያቄ ያውቃሉ። ጌታም ዲናሩን አሳዩኝ ብሎ ስለ መልኩና ስለ ጽሕፈቱ መልሶ ጠየቃቸው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያምኑት ያ ዲናር የጢባርዮስ ነበር፤ በላዩም «የአምላክ አውግስጦስ ልጅ» የሚል ጽሕፈት አለበት። አንድ አምላክ ብቻ ለሚያመልክ ሕዝብ ይህን ቃል በእጅ መያዝ ራሱ ምን ያህል የሚከብድ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። ጥያቄው ስለ ገንዘብ መክፈል ብቻ አልነበረም። ሱኤቶንዮስ የተባለው የሮማ ታሪክ ጸሓፊ በጢባርዮስ ዘመን የአውግስጦስ መልክ ያለበትን ገንዘብ ወይም ቀለበት ይዞ ወደ መፀዳጃ ቤት መግባት በሞት እስከ ማስቀጣት ደርሶ እንደ ነበረ ይተርካል።

በ70 ዓ.ም. የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በፈረሰ ጊዜ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ቬስጳስያኖስ «ዩዴያ ካፕታ» ማለት «ይሁዳ ተማረከች» የሚል መሐለቅ አስመታ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ከተምር ዛፍ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ አንዳንዱም በአጠገቧ ጦር የያዘ ድል አድራጊ ቆሞበታል። አይሁድም ለቤተ መቅደሳቸው ይሰጡት የነበረውን የዓመት መባ በሮማ ላለው ለዩፒተር ቤተ ጣዖት እንዲከፍሉ ታዘዙ። የተሸነፈ ሕዝብ ውርደቱን በሥዕል እያየ ይገበያይ ነበር።

ሆኖም መሐለቅ የመንግሥት አፍ ከሆነ ያን አፍ ሌላም ሰው ሊነጥቀው ይችላል። በ132 ዓ.ም. አይሁድ በባር ኮክባ መሪነት እንደ ገና ባመፁ ጊዜ አዲስ ብረት ፍለጋ አልሄዱም። የሮማን ገንዘብ ሰብስበው በቄሣሮቹ ፊት ላይ የራሳቸውን ማኅተም መቱበት። የፈረሰውን የቤተ መቅደስ ፊት ሣሉበት፤ በጥንታዊው የዕብራይስጥ ፊደልም «ለኢየሩሳሌም ነፃነት» ብለው ጻፉበት። ከእነዚህ መሐለቆች በአንዳንዶቹ ላይ ከአዲሱ ሥዕል ሥር የቄሣሩ መልክ ቅሪት እስከ ዛሬ ይታያል። ዐመፁ በ135 ዓ.ም. በብዙ ደም ጠፋ፤ ይህ ቃላቸው ግን አልጠፋም።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከፊላችን «እንግዲያስ የሮማ መሐለቅ የሚናገረው ሁሉ ሐሰት ነው» አልን። ይህ ግን ትክክል ሆኖ አላገኘነውም። ከ96 እስከ 98 ዓ.ም. የነገሠው ኔርዋ ሁለት በቅሎዎች ከጋሪ ተፈትተው ሲግጡ የሚያሳይ የነሐስ ገንዘብ አስመትቷል። የመንግሥት መልእክተኞች ጓዝና መጓጓዣ ወጪ ከኢጣልያ ሕዝብ ላይ መነሣቱን የሚናገር ነው፤ ይህም በእርግጥ የተደረገ ምሕረት ነው። እንደዚሁም ሀድርያኖስ በ118 ዓ.ም. ለመንግሥት ያልተከፈለ የ900 ሚሊዮን ሴስተርስ ዕዳ ምሮ የዕዳውን መዝገብ በአደባባይ አቃጠለ፤ በገንዘቡም ላይ አንድ ሰው በወረቀቱ ክምር ላይ እሳት ሲለኩስ ይታያል። ሕዝቡም መሐለቁን አይቶ በእርግጥ ዕዳዬ ተፍቆልኛል ብሎ መመስከር ይችል ነበር።

ይኸው ኔርዋ ግን ሁለት እጆች ተጨባብጠው የሚታዩበት፣ «የሠራዊት ስምምነት» የሚል ሌላ ገንዘብ ነበረው። በ97 ዓ.ም. የገዛ ዘበኞቹ ቤተ መንግሥቱን ከብበው፣ እርሱ ያልፈቀደውን ሰው በግድ እያስወጡ ገድለዋል! ከዚህ የተማርነው ነገር አለ። ምሕረቱ የተፈጸመ ስለ ነበረ በመሐለቅ ተነገረ፤ ስምምነቱ ግን ስላልነበረ በመሐለቅ ተለመነ። ስለዚህ አንድ መንግሥት አንዱን ቃል አብዝቶ ሲደጋግም አንባቢ ቆም ብሎ መጠየቅ አለበት።

መሐለቅ ለማስታወስ እንደሚያገለግል ለማስረሳትም አገልግሏል። በ211 ዓ.ም. መጨረሻ ካራካላ ወንድሙንና የዙፋን ተካፋዩን ጌታን አስገደለ፤ ስሙና መልኩም ከየቦታው እንዲፋቅ ሆነ። በምሥራቅ ባሉ ከተሞች የተመቱ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት የሚተያዩባቸው መሐለቆች ነበሩ። ዛሬ ከእነዚያ አንዳንዶቹ በቤተ መዘክር ሲታዩ ካራካላ ባዶ ቦታ ይመለከታል፤ የወንድሙ ፊት በመሮ ተፍቋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መሐለቅ ሁለት ቃል አለው፤ አንዱ በላዩ የተጻፈው ሲሆን ሁለተኛው ብረቱ ራሱ ነው። በአውግስጦስ ዘመን ከአንድ የሮማ ሊትራ ብር 84 ዲናር ይወጣ ነበር። ኔሮን በ64 ዓ.ም. ገደማ 96 አደረገው፤ ብሩንም በመዳብ በረዘው። ሰዉ ይህን አልረሳም። ኤጲቅጤጦስ የተባለው ፈላስፋ ሲያስተምር የሰውን ጠባይ በገንዘብ መስሎ፣ የትራያኖስ ማኅተም ያለበትን ሴስተርስ እንደሚቀበሉትና የኔሮንን ግን የተበላሸ ነው ብለው እንደሚጥሉት ተናግሯል። አያቶቻችንም ጠገራ ብርን ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይቈጥሩ አይቀበሉም ነበር። ሸማች ባይማርም ሞኝ አይደለም።

ከሴፕቲሞስ ሴዌሮስ ዘመን ጀምሮ የዲናሩ ብር ወደ ግማሽ ወረደ። በ215 ዓ.ም. ካራካላ በሊቃውንት ግምት የሁለት ዲናር ዋጋ የተሰጠው አዲስ ገንዘብ አወጣ፤ ክብደቱ ግን አንድ ዲናር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ከ235 እስከ 284 ዓ.ም. ባሉት 49 ዓመታት ከሃያ የሚበልጡ ነገሥታት ተፈራረቁ፤ ሁሉም ወታደር ይፈልጋል፤ ወታደሩም ደመወዝ ይፈልጋል፤ ብር ግን የለም። በ260 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዋሌርያኖስ በፋርስ ንጉሥ ተማረከ። ልጁ ጋሊያኖስ በሚገዛበት በዚያ የመከራ ዘመን የወጡት መሐለቆች «ሰላም»፣ «ድል»፣ «የወታደሮች ታማኝነት»፣ «ጥጋብ» የሚሉ ናቸው። በ268 ዓ.ም. ገደማም በውስጣቸው የቀረው ብር ከመቶ አምስት እጅ በታች ሆነ። በላዩ የተጻፈው ቃል ባማረ መጠን ብረቱ እየጠቈረ ሄደ።

ውጤቱን በግብፅ ምድር በኦክሲሪንኮስ ከተማ የተገኘ አንድ የ260 ዓ.ም. ፓፒሩስ ይነግረናል። የገንዘብ መንዛሪዎች የነገሥታቱን ገንዘብ አንቀበልም ብለው ሱቃቸውን ዘጉ፤ የአውራጃውም ገዥ ሱቃቸውን ከፍተው፣ ሐሰተኛ ከሆነው በቀር ገንዘቡን ሁሉ እንዲቀበሉ፣ እምቢ ያለም እንደሚቀጣ አዘዘ። እኛ ይህን ስናነብ ብዙ አሰብን። አውግስጦስ ገንዘቡን ተቀበሉ ብሎ በቅጣት ማስፈራራት አላስፈለገውም ነበር። መንግሥት ገንዘቤን እመኑ ብሎ በቅጣት ማስፈራራት ሲጀምር እምነቱ አስቀድሞ ሄዷል ማለት ነው። በ301 ዓ.ም. ዲዮቅልጥያኖስ ከአንድ ሺሕ ለሚበልጡ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ ወስኖ፣ ከዚያ አሳልፎ የሸጠ በሞት ይቀጣል ብሎ አወጀ፤ ጥፋቱንም በነጋዴዎች ስስት ላይ ጣለ። ነገሩ ግን አልተሳካም፤ ዕቃውም ከገበያ ጠፋ።

መድኃኒቱ የመጣው ከብረቱ ነው። ቈስጠንጢኖስ ከአንድ ሊትራ ወርቅ 72 የሚወጣ ሶሊዱስ የሚባል የወርቅ መሐለቅ አስመታ፤ እያንዳንዱም አራት ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል። ይህ ገንዘብ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ንጽሕናውን ጠበቀ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አዱሊስን የጐበኘው ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አንድ ታሪክ ጽፏል። ሶጳጥሮስ የተባለ የሮማ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ወደ ሴሎን ደሴት በሄደ ጊዜ የደሴቲቱ ንጉሥ ከሮማና ከፋርስ ነገሥታት ማን ይበልጣል ብሎ ጠየቀ። ሶጳጥሮስም የሁለቱን መሐለቅ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ይመልከቱ አለ፤ ንጉሡም የሮማን ወርቅ መረጠ። ታሪኩ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰዎች መንግሥትን በገንዘቡ ይመዝኑ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በዚህ ጊዜ የእኛም አገር ዝም ያለች አልነበረችም። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በአክሱም የወርቅና የብር ገንዘብ አስመታ። ክብደቱ ከሮማ ገንዘብ ጋር እንዲመጣጠን የተደረገ፣ ጽሕፈቱም የቀይ ባሕር ነጋዴዎች በሚያውቁት በግሪክ ቋንቋ የሆነ ነበር። ዔዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ከመልኩ በላይ የነበረውን ጨረቃና ክብ አንሥቶ በቦታው መስቀልን አኖረ። በኋላም በአክሱም የነሐስ መሐለቅ ላይ «ይህ አገሪቱን ደስ ያሰኛት» የሚል ቃል ተጻፈ። ይህም ቢሆን የመንግሥት ንግግር ነው፤ ዝናን የሚሻ ንጉሥ ያጻፈው ነው። ይሁን እንጂ «ተማረከች» ከሚል ቃልና «ደስ ያሰኛት» ከሚል ቃል መካከል ያለውን ልዩነት አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ታሪክን የምንማረው የነገሥታትን ስም በቃል ለመያዝ ብቻ አይደለም። በመሐለቅ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ገልብጦ ሌላውን ገጽ ማየት፣ በመጨረሻም መመዘን ያስፈልጋል። ይህ ምክር ለቄሣሮች ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን። ይህ የበዓል መጽሔት ራሱ የትምህርት ቤታችንን መልካም ፊት የሚያሳይ አንድ ገጽ ነው፤ ውጤታችንን፣ ዋንጫችንንና የበዓል ሥዕላችንን አትመንበታል። ብረቱ ግን እኛ ነን። በትጋት የተማርን እንደ ሆነ ጽሑፉ እውነት ይሆናል፤ ያልተማርን እንደ ሆነ ግን የጋሊያኖስ «ጥጋብ» ነው። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ይህን መጽሔት ከሚያመሰግኑልን ይልቅ እኛን ራሳችንን እንዲመዝኑን በአክብሮት እንለምናለን።